ምሳ በፈረቃ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

ከዛሬ ጀምሮ አለቃ ነኝ። «ተጠባባቂ» የምትል ቃል ከፊቱ አለች፤ ለሚስቴ ለሰብሊ ስነግራት ግን እሷን ዋጥ አደረግኳት። የድሮው አለቃችን ዱባይ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ የጥገና ቡድኑ ለእኔ ተሰጠ። ሥራችን ሊፍት መጠገን ነው። ቢሯችን ባምቢስ፣ ደንበኞቻችን ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ሕንፃዎች። ስድስት ዓመት መፍቻ ይዤ ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሰውዬ ዛሬ የራሴ በር ያለው ክፍል ገባሁ። ክፍሏ የመለዋወጫ መጋዘን ነበረች፣ አሁንም ግሪስ ግሪስ ትሸታለች። ቢሆንም በር በር ነው።

ይህን ደብተር የገዛሁት ቴዎ ስላለ ነው። ቴዎ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ ቡድን አመራር ሁለት ቀን ያሠለጠነን ሰው ነው። «መሪ ውሎውን ይጽፋል» አለ፣ ይኸው እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አምልጦኛል። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ ይዞኝ፣ ስደርስ ሰው ሁሉ ለሻይ ወጥቷል። ብዙ የቀረብኝ አይመስለኝም፣ መግቢያ መግቢያውን ነው።

አቶ ግርማይ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ ሹመቱን ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ በሩን ዘጉት። «የካዛንቺሱ የአቶ ፀሃዬ ሕንፃ ውል መስከረም ላይ ያልቃል» አሉኝ። «ከገቢያችን ግማሹ እሱ ነው። ካላደሱልን ከቡድንህ ሁለት ሰው መቀነሴ ነው። የትኞቹ እንደሆኑ የምትነግረኝ አንተ ነህ። እስከዚያ ለማንም አታውራ።»

ቡድኔ እኔን ሳይጨምር አራት ሰው ነው። በቃ፣ ውሉ ይታደሳል። ሌላ ሌላውን ማሰብ አያስፈልግም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

የመጀመሪያ ውሳኔዬን ወሰንኩ። ምሳ በፈረቃ ሆነ።

እስከ ትናንት እንዲህ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲል ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብሎን ሁሉ ወደ ጎን ይገፋል፣ ምሳ ዕቃው ሁሉ ይከፈታል፣ ያለው ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። የስመኝ ሽሮ፣ የጋሽ አምኃ ባለቤት ጎመን፣ የሉሊ ፓስታ፣ የሰብሊ ምስር። መብርሃቶም ምንም አያመጣም፤ ግን ቀድሞ የሚጀምረውም መጨረሻ የሚነሳውም እሱ ነው። ስልክ ይጮኻል፣ የሁሉም እጅ ወጥ ነክቷል፣ የሚያነሳ የለም። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ሲገባ አምስታችንም አፋችን ሞልቷል። ውል ሊፈርም የመጣን ሰውዬ «እንብላ» አልነው። ሰውዬው ውሃ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ቆሞ አየን። እኔም ያኔ ከሁሉም ጋር ሳቅኩ፣ አሁን ሳስበው ግን ሼም ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ተራ በተራ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ሁሌም አንድ ሰው ስልክ ላይ፣ ሁሌም ሁለት ሰው ለመውጣት ዝግጁ። ሰብስቤ ነገርኳቸው። ስልክ የምትቀበለው ስመኝ «እሺ» አለች። ሉሊ፣ ካቻምና ተመርቃ የመጣችው ቴክኒሻናችን፣ «እሺ» አለች። መብርሃቶም፣ ስድስቱንም ዓመት አብሮኝ የሠራው፣ «እሺ፣ ቲም ሊደር» አለኝ። ዳጊ ነበር የሚለኝ። ጋሽ አምኃ ደግሞ፣ የሁላችን ታላቅ፣ ሁሌ «አንተ ልጅ» የሚሉኝ፣ «እርስዎ ካሉ እንግዲህ» አሉኝ።

እርስዎ። እኔን። ሳልጠይቃቸው ነው እኮ። እኔም እሳቸውን አንቱ ነው የምላቸው፣ አሁን ሁለታችንም አንቱ ተባብለን አምባሳደሮች መስለናል። ሹመት ደስ ይላል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ቶሎ ቶሎ። የአቶ ፀሃዬ ሕንፃ ሊፍት አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሃል ቆመ። ሦስት ሰው ውስጡ። መብርሃቶም ሮጦ አወጣቸው፣ አጥፍቶ አበራው፣ ሠራ። ክረምት ነው፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ያጋጥማል። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ያው ሊፍት፣ እንደገና። አሁን ደግሞ ስምንተኛ ፎቅ ሬስቶራንት ለምሳ የሚሄዱ የባንክ ሠራተኞች። አንዷ ውስጥ ሆና በስልክ ስመኝ ላይ የስድብ መዓት አወረደችባት። ስመኝ «እኔ ምን አደረግኩ» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በርቺ» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቴዎ እንዳለው ማበረታታት በአደባባይ ነው። ስመኝ ግን ይበልጥ አለቀሰች።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ከቂርቆስ ስንመለስ ሰብሊ መንገድ ላይ ያዘችኝ። «ምሳ ዕቃህ ለምንድን ነው እንደሄደ የሚመለሰው?» «ሥራ በዝቶ ነው» አልኳት። «ድሮ ሥራ አልነበረህም እንዴ? ድሮ ባዶውን ተልሶ ነበር የሚመጣው» አለችኝ። ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ፈረቃ ሰባት ሰዓት ነው፤ በሬን ዘግቼ እከፍተዋለሁ፣ ሁለት ጉርሻ እንደወሰድኩ አይወርድልኝም። ምናልባት ሰብሊ ጨው እያበዛች ይሆናል።

ስለ ሁለቱ ሰዎች አላስብም ብዬ ነበር፣ ግን ቅዳሴው ላይ ቆሜ ሳስብ ነው የዋልኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጋሽ አምኃ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ሴት ልጃቸው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ናት። ስመኝ የሟች ወንድሟን ልጆች ታሳድጋለች። ሉሊ ገና መጀመሯ ነው፣ በዚህ ሥራ ሴት ልጅ ማን ቶሎ ይቀጥራል። መብርሃቶም ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። በቃ አራት አለቀ። ሁለቱን እየቀነስኩ እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና አራት ሆኑብኝ።

ስለዚህ መፍትሔው ውሉ ነው። የውሉ መፍትሔ ሊፍቱ ነው። የሊፍቱ መፍትሔ ደግሞ ጥሩ አመራር ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

የቁም ስብሰባ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይቀመጥ። «ችግር አለ?» አልኩ። «የለም።» «ጥያቄ?» «የለም።» «ሐሳብ?» ሁሉም መሬት መሬት አየ። በአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ አለቀ። የድሮው አለቃችን ስብሰባ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። እኔ ራሴን ያዝ አድርጌ ነው እንጂ ማጨብጨብ አምሮኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ቆመ። ጋሽ አምኃ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አሳንሰሩ ደህና ነው» አሉ፤ እሳቸው ሊፍት አይሉም። «በሩ ይግላል። ለምን እንደሚግል ግን እንጃ፣ ጌታዬ።» ጌታዬ አሉኝ። የበሩን ሞተር እንዲለውጡ አዘዝኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

አዲሱም ሞተር ጋለና ቆመ።

ከደረጃው ስወርድ ወርክሾፑ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። የድሮው ዓይነት ሳቅ። የመብርሃቶም ድምፅ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል አሉ አባቶች» ሲል ደረሰኝ። ስገባ ዝም አሉ። «ስለ ምን ነበር?» አልኩ። «ስለ ኳስ» አለ መብርሃቶም። ሉሊ ወደ መስኮት ዞረች፣ ትከሻዋ ይርገበገባል። ስለ ኳስ ነው እንግዲህ። አባቶች ኳስ ሲያዩ ምን እንደሚሉ እኔ ምን አውቃለሁ።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ስለነበር የጋሽ አምኃ ፈረቃ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞረው ጎመናቸውን ከፍተዋል። እንደ ወጉ «እንብላ» አሉኝ። «ብሉ፣ በልቻለሁ» አልኳቸው። አልበላሁም ነበር፣ ግን ቴዎ «መሪ አንድ እርምጃ ይራቅ» ብሏል። ከጎመኑ ቃሪያው ደስ የሚል ሽታ ነበረው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 21

ለየብቻ አነጋገርኳቸው፣ በሬን ዘግቼ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ። ይህም ከሥልጠናው ነው።

ስመኝ «ሁሌ የሚደወለው ልክ እኔ ምሳ ልበላ ስል ነው፤ አንዳንድ ቀን ግን ምንም የለም፣ በሰላም በልቼ እነሳለሁ፣ ይገርመኛል» አለች። ፈረቃዋ እንዲቀየርላት መፈለጓ ገብቶኛል፤ እናያለን አልኳት።

ሉሊ «በሩ የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ ሰላጣ አገኘሁ» አለችኝ። ሰላጣ? «ሰላጣና ቀይ ሥር። ብረቱ ቀይ ሆኗል። እኔ ያሰብኩት ምናልባት...» ስትል ስልኬ ጠራ፣ አቶ ግርማይ ናቸው። ሳነሳ ተነስታ ወጣች። «ለጽዳት ይነገር» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ አምኃ ያው በሩ ይግላል ነው። «ሰው የሚታገለው በር ነው የሚመስለው» አሉ።

መብርሃቶም ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀምጦ «ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ፊድባክ የለኝም» አለኝ። «ምሳ ምን እየበላህ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ ድንገት ነው ከአፌ የወጣው። ምግብ ስለማያመጣ እኮ ነው። «ቲም ሊደር፣ እኔ በፈረቃ ነው የምራበው» አለና ወጣ። ይሄ ሰው ሁሌ ቀልድ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 22

ቆመ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 24

ቆመ። ምን ልበል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ሰብሊ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ነው፤ «አንተማ ከሐምሌ ጀምሮ እየጾምክ ነው» አለችኝ። ሊፍቱ ቆመ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

ትናንትም ቆመ፣ ዛሬም ቆመ። እስካሁን በሳምንት ሁለቴ ነበር፣ አሁን በየቀኑ ሆነ። እየባሰበት ነው። የቁም ስብሰባውን ጠዋትና ማታ አደረግኩት። ሁሉም እሺ አሉ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

አቶ ግርማይ ጠሩኝ። «ስሞቹን አስብባቸው» አሉ። «እያሰብኩ ነው» አልኩ። ከእሳቸው ቢሮ ስወጣ መብርሃቶም ደረጃው ላይ ነበር። ፊቴን አይቶ «ዳጊ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። ዳጊ ካለኝ ሰነበተ። «ምንም» አልኩትና አለፍኩ። ልነግረው ነበር። ለምን እንዳልነገርኩት አላውቅም፣ አታውራ ተብዬ ነው መሰለኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 10

ዛሬ ቁጭ ብዬ ላስብበት። መሪ የሚያደርገውን ሁሉ እያደረግኩ ነው። ስብሰባ አጭር፣ ማበረታታት በአደባባይ፣ ውይይት ለየብቻ፣ ሰዓት ማክበር፣ ስልክ ሁሌ ይነሳል። በዚህ ሁሉ መሃል ሊፍቱ የሚብሰው ለምንድን ነው? ቡድኑ ሰንፎ ይሆን? አይደለም። ሲጠሩ ይሮጣሉ። ጋሽ አምኃ በዚህ ዝናብ ጉልበታቸውን እያመማቸው ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። ድሮ አንዱ ሕንፃ ላይ አንድ ብሎን ሲላላ ሁላችንም ማታ ሳይደርስ እናውቅ ነበር፤ እንዴት እንደምናውቅ አላውቅም፣ ዝም ብለን እናውቅ ነበር። አሁን ሁሉም የየራሱን ሠርቶ ይሄዳል።

ሰብሊ ከጀርባዬ መጥታ «ለማን ነው ይህን ሁሉ የምትጽፈው?» አለች። «ለሥራ ነው» አልኳት። «ለሥራ ከሆነ ለምን ዓይንህ ቀላ?» አለች። ደክሞኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 19

ይመስገን። ፍልሰታ ቅዳሜ ተፈታ፤ ትናንትና ዛሬ ሊፍቱ አንዴም አልቆመም። ባለፈው ሳምንት «የሳምንቱ ጀግና» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፣ ሉሊ ፎቶ ሥር። እንደዚያ ነው የሠራው። ትንሽ ማነቃቃት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ። ለአቶ ግርማይ ደውዬ ነገርኳቸው። «ጎሽ» አሉኝ። ለቴዎም በቴሌግራም ጻፍኩለት፣ አውራ ጣት ላከልኝ።

የሉሊ ፎቶ ላይ አንድ ሰው ጢም ሥሎበታል። መብርሃቶም መሆን አለበት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 20

አቶ ፀሃዬ ራሳቸው ውስጥ ነበሩ።

አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ መሃል። ሬስቶራንቱ ላይ እንግዳ ጋብዘው፣ ከእንግዳው ጋር። በበሩ ስንጥቅ ድምፃቸው እስከ ምድር ቤት ይሰማል። «የሊፍቱ ጠጋኝ የት አለ?» ይላሉ። እዚሁ ነኝ አልኩ። «አንተ ማነህ?» «የቡድኑ መሪ።» «የምን ቡድን?» አሉኝ። መብርሃቶም ፊቱን አዞረ፣ ሳቅ ሳይሆን ኀዘን ይመስለኛል። ስናወጣቸው ልብሳቸውን አራግፈው በደረጃ ወረዱ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 21

አቶ ግርማይ «ሰኞ ጠዋት ሁለት ስም» አሉ። አልጮኹም። «እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ዳግም» አሉኝ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ከሬስቶራንት የመጣ ምሳ በላስቲክ እንደተቋጠረ አለ።

ማታ ሰብሊ ምሳ ዕቃውን ከፍታ አየችና ክዳኑን ዘጋችው። «ከነገ ጀምሮ አልቋጥርልህም። ምግብ መጣል ነውር ነው» አለች። ተገቢ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 22

ዛሬ የሆነውን ሁሉ እንዳልረሳ በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ሳልበላ ወጣሁ፣ ምሳ ዕቃም የለኝም። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሆዴ ጮኸ። በሬን ዘግቼ ወረቀት አወጣሁና ሁለት ስም ልጽፍ ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ፊደል አልጻፍኩም። ተነስቼ ወደ ወርክሾፕ ወረድኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ።

ጋሽ አምኃ ወደ ግድግዳው ዞረው ጎመናቸውን ከፍተዋል። ቀና ብለው «እንብላ» አሉኝ፤ እምቢ እንደምል እርግጠኛ ሆነው ነው፣ ቦታም አልለቀቁም። «እሺ» አልኩ። አላመኑኝም። «እሺ አልኩ እኮ፣ ጋሽ አምኃ። ርቦኛል።» እጄን ታጥቤ ስመለስ ወንበራቸውን አዙረው ጎመኑን ወደ መሃል ገፉት። የመጀመሪያውን ጎረስኩ። ዓይኔ ሞላ። እኝህ ሽማግሌ ቃሪያው ነው ብለው ውሃ ሰጡኝ፣ ቃሪያ ግን ገና አልነካሁም ነበር።

ስመኝ በመስኮት አየችን መሰለኝ። ስልኩን ይዛ ወጣችና «ምንድን ነው?» አለች። ከዚያ ሽሮዋን አመጣች። ሉሊ መጣች። መብርሃቶም ባዶ እጁን መጣ፣ ብሎኖቹን በክንዱ ጠራርጎ ወደ ጎን ገፋና ተቀመጠ። ያኔ ነገርኳቸው። ስለ ውሉ፣ ስለ ሁለቱ ስሞች፣ ስለ ሰኞ። «ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ፊታችሁን ማየት አቅቶኝ ነው በሬን የምዘጋው» አልኩ። እስከዚያ ደቂቃ እኔም ለምን እንደምዘጋው አላውቅም ነበር።

ጋሽ አምኃ እጃቸውን ጠረጉና «የእኔን ጻፍ። ሁለት ዓመት ምን አላት» አሉ። «ኧረ እባክዎ፣» አለ መብርሃቶም፣ «ልጅዎ ገና አልተመረቀችም። የእኔን ጻፍ፣ ዳጊ። እኔ እንደሆነ የትም አልራብም።» ሉሊ «መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ» አለች። ስመኝ ብቻ ምንም አላለችም፣ ማለት አትችልም፤ ሦስት ልጆች አሉባት። አንገቷን ደፍታ ከሽሮዋ መብርሃቶምን ታጎርሰው ነበር።

«ተዉ፣ ብሉ በቃ» አልኩ። መብርሃቶም ያችን ከባድ ዝምታ መሸከም አይችልም፣ ያውቅበታል፣ ስለ ምግብ ጀመረ። «ይሄ ረቡዕና ዓርብ ግን ጎመንና ሽሮ፣ ሽሮና ጎመን። የአቶ ፀሃዬ ሕንፃ ላይ ያለውን የጾም ቡፌ ብታዩ። ሐምሌ ላይ ነው የጀመሩት፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው የሚያወጡት። አንድ ሠራተኛቸው በትሪ በትሪ ነው ከምድር ቤት የሚያወጣው። ፎሶልያው፣ ድንቹ፣ ቀይ ሥሩ...»

ሉሊ ጉርሻዋን ወደ ትሪው መለሰችው። «ቀይ ሥር» አለች።

«ረቡዕና ዓርብ» አለች ስመኝ። «የሚደውሉት ረቡዕና ዓርብ ነው። ፍልሰታ ላይ ደግሞ በየቀኑ።»

«ሰው የሚታገለው በር» አሉ ጋሽ አምኃ።

እኔ ይህን ደብተር አሰብኩ። ቀኑን በየገጹ አናት ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ለስድስት ሳምንት፣ በራሴ እጅ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ።

እጃችንን እንኳ በቅጡ ሳንታጠብ ሮጥን። ስመኝም ስልኩን ይዛ። ከባምቢስ ካዛንቺስ ታክሲ የሚያስጠብቅ መንገድ አልነበረም፣ ዝናቡን ለበስነው። ምድር ቤት ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ደጋጋ የሚባል የሬስቶራንቱ ሠራተኛ የሊፍቱን በር በለስላሳ ሳጥን ወጥሮ ይዞታል፤ ትሪ ከወጥ ቤት እያመላለሰ ይጭናል፣ በሩ ሊዘጋ ይታገላል፣ ሳጥኑ አይለቅም፣ ሞተሩ ያቃስታል። ከዚያ ሊፍቱ በዚያ ትኩሳቱ ሰው ጭኖ ይነሳል። አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሃል ይደክመዋል። ይኸው ነው። ይኸው ብቻ።

ደጋጋ እኛን ሲያይ ደንግጦ ሳጥኑን ነጠቀ። «እናንተ በመጣችሁ ቁጥር አነሳዋለሁ እኮ» አለ። «ሊፍቱን አበላሸህ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ ብዬ ነው።» በይሉኝታ ስድስት ሳምንት ደበቀን። መብርሃቶም ደረጃው ላይ ተቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። ዕቃ ሲጫን በሩን ከፍቶ የሚያቆይ የቁልፍ ቀዳዳ እኮ ሊፍቱ ውስጥ አለ፤ ቁልፉን ግን ማንም ለሬስቶራንቱ አልሰጠም። ጋሽ አምኃ አንዱን ከኪሳቸው አወጡና አሠራሩን አሳይተው ለደጋጋ ሰጡት።

እሑድ፣ ነሐሴ 24

ቴዎን በቴሌግራም ጠየቅኩት፣ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ምን ነበር ያስተማርከው ብዬ። «ስለ ማዳመጥ» ብሎ መለሰ። አውራ ጣት ላክሁለት። የሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ፣ ግፍሽ በዛ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 25

አቶ ግርማይ ቢሮ። «ስሞቹ?» አሉኝ። «የለኝም። ሁለት ሰው መቀነስ ግድ ከሆነ አንዱን ከእኔ ይጀምሩ» አልኩ። ከዚያ ስለ ሳጥኑና ስለ ቀይ ሥሩ ነገርኳቸው። «ይህን ማን አገኘው?» አሉ። ማን ልበል? «ምሳ ስንበላ ነው» አልኩ። የገባቸው አይመስለኝም። «እስከ ጳጉሜን እናያለን» አሉ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 27

ስድስት ሰዓት፣ ስድስት ተኩል፣ ሰባት። ስልኩ ትሪው አጠገብ ነው፣ ድምፁ ክፍት፤ ሲጠራ እጁ የጸዳ ያነሳል፣ ሁላችንም እንሰማለን። አልጠራም። ስመኝ ስልኩን በየመሃሉ አንስታ መሥራቱን ታይ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 29

አልጠራም። ሰብሊ የላከችው ምስር ቀድሞ አለቀ። ጨው ልክ ነበር፤ ድሮም ልክ ነበር።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 4

አንዴ ጠራ፤ ሁላችንም ደነገጥን። ደጋጋ ነው። ቁልፉ ትሪ ሥር ጠፍቶበት አገኘው፣ «እንዳትሰጉ ብዬ ነው» አለ። ሳጥኑንስ? አልነው። «ተቀምጬበታለሁ» አለ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 5

ውሉ ታደሰ። ለስድስት ወር ብቻ፤ አቶ ፀሃዬ «ሊፍት ውስጥ ያሳለፍኩትን አልረሳሁም» ብለዋል። ስድስት ወር ይበቃል። አራቱም አሉ። ወርክሾፑ ውስጥ ስናገር ስመኝ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እንደዚያ ቀን አይደለም። ማበረታታት በአደባባይ የሚባለው ዛሬ አላስፈለገኝም።

ለእኔም ተጠባባቂ የምትለዋ ቃል ተነሳችልኝ። ለሰብሊ ስነግራት «የምን ተጠባባቂ?» አለች። ተያዝኩ።

ረቡዕ፣ መስከረም 6

ምሳ ላይ ነበርን። ሉሊ ፓስታዋን በቲማቲም ብቻ ሠርታ አምጥታ መብርሃቶም «ይሄ ፓስታ ሳይሆን ንስሐ ነው» እያለ ይበላል። አቶ ግርማይ ወረዱ። የወረዱት ወረቀት ሊያስፈርሙኝ ነው፤ ወረቀት ሊያስፈርሙ ወርክሾፕ ድረስ ሲወርዱ ግን አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ ቆሙ። ሁላችንም ብድግ አልን፣ «እንብላ» አልን።

«ብሉ፣ ብሉ፣ በልቻለሁ» አሉ።

ግን አልሄዱም። ወረቀቱን ይዘው ትሪውን ያያሉ። እኔ ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ። ላይ ጠረጴዛቸው ላይ በላስቲክ የተቋጠረ፣ ሁለት ጉርሻ የተነካ ምሳ እንዳለ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ምን ልበላቸው እያልኩ ሳመነታ ጋሽ አምኃ በክርናቸው ጎኔን ጎሰም አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ጠጋ በል እንጂ፤ ለሰውዬው ቦታ ልቀቅላቸው።»

ጠጋ አልኩ።